ላስቲኩ ያልወጣለት ፍራሽ

ፍራሹ የመጣው ከወልድያ በሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ነው። የላከችው ልጄ ናት። ረዳቱ እኛ ከተማ መርሳ ላይ ገመዱን ፈትቶ ሲያወርደው ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ስላብረቀረቀ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ አየው። ባጃጅ ውስጥ ስለማይገባ ሁለት ሰዎች በአናታቸው ተሸክመው እስከ ቤቴ አደረሱልኝ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው ሄድሁ። ነገሩ ሠርግ ይመስል ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤታችን ከተመለስን ያን ጊዜ ጥቂት ወራት ሆኖን ነበር። ስንመለስ አልጋዎቹ ነበሩ፤ ፍራሾቹ አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። በእኛ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት የጎደለበትን ያውቃል፤ የእኔ ከብዙዎቹ ያነሰ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ሰሌን ላይ ተኛን። ከዚያ ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ከቤቷ ተርፎ የተገኘውን ጥጥ ሰብስባ አንድ ቀጭን ፍራሽ ሰፍታ ሰጠችኝ። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ አጥር ኖረናል። ቀጥሎ የልጄ ስፖንጅ ፍራሽ መጣ።

ተኛን ያልሁት እኔና የልጅ ልጄ ነን። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጅቷ ከስድስት ዓመቷ ጀምራ ያደገችው እኔ ዘንድ ነው። እናቷ ወልድያ ሥራ ስትይዝ የተከራየችው ክፍል ጠባብ ነበር፤ ከሥራ የምትገባበት ሰዓትም አይታወቅም። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ተብሎ መጣች፤ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጄ አንቺ ትለኛለች፤ ልጅቷ ግን ጎረቤቱ ሲጠራኝ እየሰማች ስላደገች አንቱ ነው የምትለኝ። ይህን ማንም አላስተማራትም።

አዲሱን ፍራሽ ለእሷ አልጋ ሰጠሁ። እኔ ጎረቤቴ በሰፋችልኝ ላይ ቀረሁ። ላስቲኩን ግን አላወጣሁም። ረስቼ አይደለም፤ አስቤበት ነው። አንድ ጊዜ ያጣሁትን ነገር ደግሜ ሳገኘው እንዳያረጅብኝ ፈለግሁ። እንዲህ የማደርገው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። በእኛ ከተማ የሶፋው፣ የፍሪጁ በር፣ የሪሞቱ ላስቲክ ዓመታት ይቆያል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ በሙቀቱ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ሲነሣ ድምፅ ያወጣል፤ ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል።

ጎረቤቴ ግን የሰማችውን ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«አልጋዋ ላይ በተቀመጥሁ ቁጥር ሱቅ የገባሁ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። «ወላሂ፣ ባለ ሱቁ መጥቶ ‹ካልገዛችሁ ተነሡ› እስኪለኝ ነው የምጠብቀው።»

«እንግዲያስ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ።»

«ወንበርሽማ ይቆረቁራል። እኔን ያስቸገረኝ ይኼ ነው፤ ከመቆርቆርና ከመንኮሻኮሽ ምረጪ ይሉኛል እዚህ ቤት።»

ላስቲኩን በየቅዳሜው እወለውለው ነበር። ጨርቅ በውኃ አርሼ፣ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጌ፣ ከላይም ከጎንም አሻለሁ። ከዚያ አንሶላውን አነጥፋለሁ፣ አጎበሩን አስተካክላለሁ፣ እወጣለሁ። በእጄ ብነካው አቧራ የሚባል ነገር አላገኝም። እንግዳ ሲመጣ የልጅቷን ክፍል በር ክፍት እተወው ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ፍራሽ መያዝ የማላውቅ ሴት ሆኜ አልነበረም። ያደግሁት እዚሁ አጠገብ፣ ግራና ነው። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ የቤቱን ፍራሾች ሁሉ ወደ ግቢ ታስወጣ ነበር። ስፌታቸውን በቢላ ትፈታለች፤ ጥጡን ሰሌን ላይ ዘርግታ ሁለት ቀን ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ጨርቁን በእንዶድ ታጥባለች። ጥጡ ዓመቱን ሙሉ ሰው ተኝቶበት ስለሚጓጉል በበትር ይመታል፣ ከዚያም በደጋን ይነደፋል። ደጋኑ ሲነደፍበት የሚያወጣውን ድምፅ ዛሬም ብሰማው አውቀዋለሁ። ልጅ የሸናበት ካለ ያ ክፍል ተለይቶ ይጣላል፤ የማን እንደ ሆነም ጮክ ተብሎ ይነገራል። እኔም ስሜ የተነሣባቸው ዓመታት ነበሩ። ከዚያ ጥጡ ተመልሶ ይሞላና ይሰፋል። ፍራሹ ከፍ ብሎ፣ የፀሐይ ሽታ ይዞ አልጋው ላይ ይመለሳል፤ የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም ቶሎ መተኛት እንፈልግ ነበር።

በትዳሬም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ስፖንጁ ሲመጣ ግን ይህ ሥራ ሁሉ ያለቀለት መሰለኝ። የሚፈታ ስፌት የለው፣ የሚነደፍ ጥጥ የለው። የምተኛበትን የጥጥ ፍራሽ በየሳምንቱ አጥር ላይ አሰጣዋለሁ፤ የልጅቷን ግን አንድም ቀን ከአልጋው አንሥቼ አላውቅም። አልጋው ከስሩ ክፍተት የሌለው ሳንቃ ነው፤ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የቆመ ነው። ግድግዳው ደግሞ በክረምት ይወረዛል። እነዚህን ሁሉ ለየብቻ አውቃቸው ነበር። አንድ ላይ አላየኋቸውም።

ፍራሹ ሁለት ዓመት ሲሞላው ልጅቷ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ በክረምት ስለ ነበረ ጉንፋን አልነው። ክረምቱ ወጣ፣ ሳሉ አልወጣም። ሊነጋ ሲል ይጀምራታል። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ታስነጥሳለች፤ ከዚያ ሳሉ ይከተላል፤ ደረቷ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ይሰማል። ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ግቢ ውስጥ ትንሽ ከቆየች ይለቃታል። ትምህርት ቤት ደህና ውላ ትመጣለች። እናቷ ዘንድ ወልድያ ሄዳ ሳምንት ስትቆይም ምንም አይላት።

ጥር ላይ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። የመረመራት ወጣት የጤና መኮንን ነበር።

«ሳሉ መቼ ይብሳል?»

«ሊነጋ ሲል። አልጋዋ ላይ እያለች።»

«ቤት ውስጥ ጭስ አለ?»

«ማድ ቤቱ ለብቻው ነው።»

«አቧራስ?»

«የለም» አልሁት። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ፍራሿ ምንድን ነው?»

«አዲስ ስፖንጅ ነው። ላስቲኩ እንኳ አልወጣም።»

መጻፉን ትቶ ቀና አለ። «ላስቲኩን ያውጡላት፣ እማማ። ፍራሹም ፀሐይ ላይ ይናፈስ፤ እርጥበት ይይዛል። ሌላው ደግሞ የዛፍ አበባም ሊያስላት ይችላል። አጠገባችሁ የሚያብብ ዛፍ ካለ መስኮቱን ዝጉት።»

«እሺ» አልሁ።

በሥራ ዘመኔ ስንት ሰው እሺ ብሎ ካርዱን መልሶልኝ እንደ ሄደ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከበር ሲወጡ አይቼ የትኛው የተባለውን እንደማያደርግ አውቅ ነበር። ያን ቀን እኔም እንደዚያው ወጣሁ። ከነገረኝ ከሁለቱ ነገር የተመቸኝን መረጥሁ። ፍራሹ የእኔ ነበር፤ የሚያብበው ዛፍ ግን የጎረቤቴ ነው።

ማንጎው ትልቅ ዛፍ ነው። አንድ ቅርንጫፉ አጥሩን ዘሎ ከልጅቷ መስኮት በላይ ተዘርግቶ ነበር፤ በዚያ ወር ደግሞ አበባው ከቅጠሉ በዝቶ ነበር። በአጥሩ በኩል ጠራኋትና ነገርኋት።

«ሐኪሙ የዛፍ አበባ ነው የሚያስላት አለኝ።»

ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየችው። ባሏ ከመሞቱ በፊት የተከለው ዛፍ ነው።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«እስካሁን ዝም ያልሽው ምን ልትጠብቂ ነው? ለልጅቷ ከሆነ ግንዱም ይቆረጥ!» አለች። «አብሽሪ።»

በማግስቱ ሰው አምጥታ ቅርንጫፉን አስቆረጠችው። አበባው እንዳለ ግቢዬ ውስጥ ወደቀ። ንቦቹ እስከ ማታ ድረስ ከወደቀው አበባ አልሄዱም። እኔ መስኮቱን ከውስጥ ዘጋሁት። የልጅቷ ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ አላገኘም።

ሳሉ ባሰ።

ልጄ ለፋሲካ መጣች። ከልጇ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝታ ሳሉን ሰማች። ጠዋት ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንዲህ አለችኝ፤

«እማዬ፣ ይህ የመርሳ አየር ነው። ሙቀቱና የመንገዱ አቧራ ተደማምሮ ነው። እኔ ጋ ስትመጣ አትስልም እኮ።»

«እሱስ ልክ ነው።»

«አሁን የተከራየሁት ሁለት ክፍል ነው። ከመስከረም ጀምራ ወልድያ ትማር። እስከዚያ ካልተዋት ማለቴ ነው።»

«እንደ ፈቀድሽ» አልሁ።

ልጅ ከእናቷ ጋር ብትኖር ምን ይባላል? ምንም አይባልም። ከሰዓት በኋላ የልጅቷን ዩኒፎርም አውጥቼ ጠርዙን ፈታሁ፤ ቁመቷ ስለ ጨመረ ለመጪው ዓመት እንዲደርሳት ብዬ ነው። ግማሹን ከፈታሁ በኋላ በመጪው ዓመት የምትለብሰው የወልድያ ዩኒፎርም መሆኑ ትዝ አለኝ። መልሼ ሰፋሁት።

የወባ መከላከያ የቤት ርጭት የደረሰው በሰኔ መጨረሻ ነው። አካባቢያችን ወባማ ስለ ሆነ ረጪዎች ሲመጡ ሰው ዕቃውን ሁሉ ከቤት ያወጣል። ያን ቀን መንገድ ላይ ብትሄዱ የእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ታያላችሁ፤ ምጣድ፣ ቁም ሳጥን፣ የተሰበረ አልጋ፣ የፍራሽ ነጠብጣብ ሳይቀር። ሰው የሰውን ፍራሽ የሚያየው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ፍራሻቸውን በአንሶላ ሸፍነው ነው የሚያወጡት። ባለፉት ጊዜያት ረጪዎቹ ሲመጡ የልጅቷን ፍራሽ አልጋው ላይ በሸራ ሸፍኜ አልፌው ነበር። የዘንድሮዎቹ ግን እሺ አላሉም።

«እማማ፣ ፍራሹም ይወጣል» አለ አንደኛው።

«ላስቲክ ለብሷል እኮ፣ መድኃኒቱ አይገባበትም።»

«ፍራሹ ምንም ቢለብስ ይወጣል። ግድግዳው ጋ መድረስ አለብኝ።»

ጎረቤቴ የራሷን ጨርሳ ልትረዳኝ መጥታ ነበር። እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ያዝን። ብድግ ስናደርገው ከበደን። ይህ ፍራሽ ሲመጣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያቆመው ነበር።

«እንዴ!» አለች። «ምን አጉርሰሽዋል?»

«ያዢ ዝም ብለሽ።»

በሩ ላይ ስናዘነብለው ከውስጡ ድምፅ ሰማን። የውኃ ድምፅ ነው። ላስቲኩ ውስጥ አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ቢጫ ውኃ ከራስጌ ወደ ግርጌ ተንሸራትቶ እኔ የያዝሁት ጥግ ላይ ተጠራቀመ። ፍራሹን ግቢ ውስጥ በጎኑ አቆምነው። ከሥሩ ያለው ፊት ላስቲኩ እንኳ ሳይወጣ ይታይ ነበር። ጥቁር ሆኗል። አረንጓዴም ጣልቃ ገብቶበታል።

ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን በጣቷ ጫን አደረገችው።

«ቢላ አምጪ» አለች።

«ቆይ እስቲ።»

«ምኑን ልቆይ? እስኪበቅል?»

ቢላውን አመጣሁ። ላስቲኩን ግን ራሴ ነኝ የቀደድሁት። ሽታው ሲወጣ ሁለታችንም ወደ ኋላ አልን። ረጪው ከበር ላይ አፍንጫውን ያዘ፤ የራሱ መድኃኒት የሚሸት ሰው። ፍራሹን ሲያሽጉት ለአየር ማስወጫ የተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በላስቲኩ ጎን ነበሩ፤ ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየኋቸው። በየቅዳሜው በእርጥብ ጨርቅ ሳሽ ውኃው የሚገባው በእነሱ ነው። የልጅቷ ላብ በዚያ ላይ ይጨመራል። የገባው መውጫ የለውም። ሦስት ዓመት ገደማ ሳላቋርጥ በገዛ እጄ ሳጠጣው ኖሬአለሁ።

ልጅቷ ከውስጥ የደብተር ካርቶን ይዛ ወጣች። ቆማ አየችው።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ነው የምተኛው?»

«አዎ» አልሁ።

ካርቶኑን ይዛ ወደ ጥላው ሄደች።

ጎረቤቴ ወደ ተቆረጠው ማንጎ ቀና ብላ አየች። «አንተ እንግዲህ በከንቱ ታርደሃል» አለችው።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አልሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ላስቲኩ እንደ ነበረም ነገርኋት። እሷ ግን ሳቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንጎውን ሳታነሣ የዋለችበት ቀን አላስታውስም።

ፍራሹን ለማዳን ሦስት ቀን ሞከርሁ። ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ ጠራረግሁት፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ፣ ልጅቷን ከግቢ አስወጥቼ። አቼቶ በውኃ በጥብጬ ጨርቁን ጨምቄ ጨምቄ አሸሁት። ፀሐይ ወዳለበት እያዞርሁ በጎኑ አቆምሁት። ሐምሌ ገብቶ ስለ ነበር ፀሐዩ እስከ ቀትር ነው፤ ደመና ሲመጣ ወደ በረንዳ እንጎትተዋለን፣ ሲገለጥ እናወጣዋለን። ከላይ ያለው ፊት ነጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችውና መዳፏን መሐሉ ላይ ጫን አደረገች። መዳፏ እርጥብ ሆኖ ተነሣ።

«ይህ ውስጡ ነው የታመመው» አለች። «ሕፃን አታስተኚበትም። ተዪው በቃ።»

ሻጋታ ላይ ላይ የያዘው ፍራሽ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ውስጡ የገባ ስፖንጅ ግን አይድንም። ይህን ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የቆሻሻ ጋሪ ሲመጣ በሁለት ቆርጠን ሰጠነው። ላስቲኩን ጎረቤቴ አጥባ አድርቃ የማገዶ ክምሯን አለበሰችው።

ልጅቷን እኔ ፍራሽ ላይ አስተኛኋት። አልጋዋን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅሁት። ሳንቃውን አስነሥቼ በየመሐሉ ጣት የሚያስገባ ርብራብ አስመታሁበት። መስኮቱን ከፈትሁት። ግድግዳውን በኖራ ቀባነው። እኔ ሰሌን ላይ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ለሰው አልተናገርሁም፤ ጎረቤቴ ግን አንድ ጠዋት ወገቤን ይዤ ስነሣ አየችኝ።

«የት ነው የምትተኚው?»

«አልጋዬ ላይ።»

«ምን አነጥፈሽ?»

ጋቢዬን ማጣጠፍ ያዝሁ።

«ያ አላህ! ይቺ ሴት!» አለች። «አንደኛዋን በላስቲክ አፍነሽ፣ ራስሽን መሬት ላይ ጥለሽ። መሐሉ የለም እንዴ እናንተ ቤት?»

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ለአራት ቀን ያህል ፋታ ሲሰጥ ጥጥ ገዝቼ አዲስ ፍራሽ ሠራን። የባሏን ደጋን ከጣራው ሥር አውርዳ ነው የመጣችው፤ ሸማኔ ነበር። ጅማቱን ቀየረችለት። እሷ ትነድፋለች፣ እኔና ልጅቷ እንዘረጋለን፣ በጆንያ መርፌ እንሰፋለን። ልጅቷ የጥጡ ብናኝ እንዳያስላት ሰግቼ ነጠላ በአፍንጫዋ ላይ አሰርሁላት። አንዴም አልሳለችም። እንደውም ሳሉ ከሁለት ሳምንት ወዲህ እየሳሳ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ እየቀረ ነበር። ለራሴም ለመናገር ፈርቼ እንጂ አስተውየዋለሁ።

የቀረው ለልጄ መንገር ነው። በስልክ ልነግራት ሁለት ጊዜ ደወልሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋሁ። ብነግራት ልጇን ያሳመምሁት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ የላከችልኝንም ፍራሽ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ባልነግራት ደግሞ የመርሳ አየር ነው ብላ ትወስዳታለች። በሁለቱም መንገድ ልጅቷ የምትሄድ መሰለኝ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ መጣች። በእጇ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛ ነበር። የልጅቷ ልብስ የሚገባበት ነው። በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ውኃ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ሳትጨርስ ነገርኋት። ከላስቲኩ ጀመርሁ፤ በቅዳሜው ውልወላ፣ በውኃው፣ በሻጋታው አድርጌ ጨረስሁ።

«ሐኪም ያያት ጊዜ አልጠየቃችሁም?» አለች።

«ጠይቋል። ላስቲኩን አውጡት ብሎኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ጥር ላይ።»

«ጥር ላይ!» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እና አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ማንጎውን አስቆረጥሁ።»

ሳቅ አመለጣት። አፏን በእጇ ያዘች፣ ግን አልቆመላትም። ከዚያ ቆመ።

«ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሳለች፣ እማዬ።»

«አዎ» አልሁ።

ማታ ከእኔ ጋር በእኔ አልጋ ተኛች፤ ልጅቷ ለብቻዋ በክፍሏ። ሊነጋ ሲል ነቃሁ። ልጄም ነቅታ ነበር፤ ከአተነፋፈሷ አወቅሁ። ሁለታችንም ወደዚያኛው ክፍል ጆሯችንን ጥለን ቆየን። ከመንገዱ አንድ ሚኒባስ ወልድያ ወልድያ እያለ አለፈ። ከልጅቷ ክፍል አጎበሩ ሲነካካ ብቻ ተሰማ፤ ተገላብጣ መሆን አለበት። ነጋ።

ልጄ ጠዋት ተነሥታ የልጅቷን ፍራሽ ጥግ አነሣችና ከሥሩ በእጇ ዳሰሰችው። ርብራቡንም አየች። ከዚያ ግቢ ወጥታ ፊቷን ታጠበች። ስለ ወልድያ ትምህርት ቤት ምንም አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠርታት ሁለት እቅፍ ፓፓያና ዘይቱን አቀበለቻት። ልጄ የምትይዝበት ስታጣ ከበሩ አጠገብ የነበረውን ባዶ ሻንጣ ሄዳ አመጣችና ከፈተችው። አንድ በአንድ ደረደረችበት። ሞላ።

«ማንጎ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች ልጄ፤ እየሳቀች ነው።

«ስለ ማንጎ እናትሽን ጠይቂያት!» አለች ጎረቤቴ።

ዚፑን ዘጋችው። ለልጇ «በርቺ፣ እማማን አታስቸግሪያት» አለቻትና ባጃጅ ጠራች። እኔን ስትስመኝ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰጣ» አለች። ያ ነበር ያለችው ሁሉ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ፍራሾች ግቢ ውስጥ ናቸው። ልጅቷ ራስጌውን ወደ ግርጌ ታዞራለች፤ እኔ በበትር እመታለሁ። የፍራሹ ልብስ በወር አንድ ጊዜ ይታጠባል፤ አንሶላው በየሳምንቱ። እርጥብ ጨርቅ አላስነካውም። ከእንቅልፍ ስትነሣ ወዲያው አታነጥፍም፤ መስኮቱ ተከፍቶ አልጋው ትንሽ ይቆይና ነው። ዩኒፎርሟን ጠርዙን ለሁለተኛ ጊዜ ፈትቼ አስረዘምሁት፤ የድሮው መስመር በላዩ ላይ ትንሽ ይታያል፤ በውኃ ብዛት ይጠፋል ብዬአታለሁ።

ማንጎው ከተቆረጠበት ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፎች አውጥቷል። የሚያድጉት ወደ መስኮቱ ነው።